በአውስትራሊያ የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት ካሳ ጥያቄ ለፍርድ ቤት እንዴት ይቀርባል?

በአውስትራሊያ የነባር ሕዝቦች የመሬት መብት በመንግሥት እርምጃ ሲቋረጥ ወይም ሲጎዳ፣ ካሳ የሚጠየቀው እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 1994 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የነባር ይዞታ ሕግ (ነባር ሕዝቦች በባህላቸው መሠረት በመሬት ላይ ላላቸው መብት እውቅና በሚሰጠው ሕግ) መሠረት ለፌደራል ፍርድ ቤት በማመልከት ነው። ጠያቂዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጨንቃቸው የገንዘቡ መጠን ቢሆንም፣ መዝገቡ ገና በጅምሩ የሚፈተነው ማን፣ በማን ውክልና፣ ስለየትኛው እርምጃ አመለከተ በሚለው ነው።

አስቀድሞ በመሬቱ ላይ የይዞታ መብት ውሳኔ፣ ማለትም መብቱ የማን እንደሆነ የሚወስን ፍርድ፣ መሰጠቱን እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች ከሚሰፍሩበት ብሔራዊ መዝገብ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውሳኔ ኖሮ መብቱን የሚያስተዳድር የተመዘገበ ድርጅት ካለ፣ ማመልከት የሚችለው ያ ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከሌለ ግን ካሳ ይገባናል የሚሉት ሰዎች በሙሉ የወከሉት፣ ራሱም የቡድኑ አባል የሆነ ሰው ያመለክታል። ውሳኔ ያልተሰጠበት መሬት ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ካሳውን ሲወስን መብቱ የማን እንደሆነም አብሮ ይወስናል፤ ይህም የማስረጃውን ሸክም በእጅጉ ያከብደዋል።

ውክልናው የሚሰጠው ሕዝቡ በባህሉ የሚከተለው የውሳኔ አሰጣጥ ሥርዓት ካለ በዚያው፣ ከሌለ ደግሞ አባላቱ ተስማምተው በተቀበሉት ሥርዓት ነው። በመሆኑም የስብሰባው ጥሪ ለማን፣ መቼና በምን መንገድ እንደተላለፈ፣ እነማን እንደተገኙ፣ ውሳኔው እንዴት እንደተደረሰበት በቃለ ጉባኤ መስፈር አለበት፤ አመልካቹም መወከሉንና የውክልናውን መሠረት በቃለ መሐላ ያረጋግጣል። ተቃራኒ ወገን ማመልከቻው የሕጉን ቅድመ ሁኔታ አያሟላም ብሎ በማንኛውም ጊዜ ውድቅ እንዲደረግ መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ የውክልና ጉድለትን አልፎ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ቢኖረውም፣ በዚህ መተማመን ጥበብ አይደለም።

ቀጥሎ የመሬቱ ወሰን በጽሑፍና በካርታ ተገልጾ፣ ካሳ የሚጠየቅባቸው እርምጃዎች አንድ በአንድ፣ ከነቀናቸውና እርምጃውን ከወሰደው የመንግሥት አካል ጋር ይዘረዘራሉ። «መንግሥት መሬታችንን ወሰደ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የኪራይ ውሉ፣ የመንገዱ ሥራ፣ የግንባታው ፈቃድ ለየብቻቸው መቅረብ አለባቸው። ቀኑ የሚያመጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። በተለመደው አካሄድ የካሳ መብት የሚነሳው የዘር መድልዎ ክልከላ ሕግ ሥራ ላይ ከዋለበት ከኦክቶበር 31 ቀን 1975 በኋላ ከተወሰዱ እርምጃዎች ነበር፤ በማርች 2025 ግን የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት በጎቭ ልሳነ ምድር ጉዳይ፣ በኖርዘርን ቴሪቶሪ (በሰሜናዊው ግዛት) ከዚያ በፊት ለተፈጸሙ እርምጃዎችም በሕገ መንግሥቱ መሠረት ካሳ ለመጠየቅ በር ከፍቷል።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ ለሕዝብ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተከራካሪ መሆን የሚፈልጉ ወገኖችም በሦስት ወር የማስታወቂያ ጊዜ ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃሉ። ከዚያም ፍርድ ቤቱ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጠ ጉዳዩ ወደ ድርድር ይመራል።

ድርድሩ ካልተሳካ ማስረጃ ይሰማል። በዚያው ግዛት ባለችው የቲምበር ክሪክ ከተማ ጉዳይ የንጋሊውሩና የኑንጋሊ ሕዝቦች፣ በዲንጎ (የአውስትራሊያ የዱር ውሻ) አፈ ታሪካቸው ቅዱስ በሆነ መንገድ ላይ የውሃ ታንከሮች መሠራታቸው ያደረሰባቸውን ሐዘን አስረድተዋል። የበላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2019 ለኢኮኖሚ ጉዳት የመሬቱን ሙሉ የግል ባለቤትነት ዋጋ 50 በመቶ፣ ማለትም 320,250 የአውስትራሊያ ዶላር፣ ለባህላዊ ጉዳት 1.3 ሚሊዮን፣ ለቀላል ወለድ ደግሞ 910,100 ዶላር ወስኗል። ወለዱ የኢኮኖሚ ጉዳቱን ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ መሆኑ፣ የእያንዳንዱ እርምጃ ቀን ለምን በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት ያሳያል። ባህላዊ ጉዳቱን ግን የገበያ ገማች አያሰላውም፤ የሽማግሌዎች ምስክርነት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ዕድሜያቸው የገፋ ምስክሮች ቃል ቀደም ብሎ እንዲመዘገብ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፍርድ ቤቱ በተለየ ሁኔታ ካላዘዘ በቀር እያንዳንዱ ወገን ወጪውን ራሱ ይሸፍናል፤ ቢያሸንፍም ለጠበቃና ለባለሙያ የከፈለውን አያስመልስም። በዚህ ምክንያት የየአካባቢውን የነባር ይዞታ ተወካይ ድርጅት ድጋፍ መጠየቅ የሚገባው የውክልናው ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ነው።