የአራት ኪሎውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አድራሻውን ማምታታት

አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚየም ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ቀጥታ ወደ ሉሲ ይሄዳል። ስለዚህ ዋልያና ጭላዳ ለማየት የወጣ ጎብኚ ብሔራዊ ሙዚየም ደጃፍ ላይ ይገኛል፤ ወይም ስድስት ኪሎ ድረስ ወጥቶ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ሠራተኞች ስለ እንስሳት ይጠይቃል። ሁለቱም መታየት ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። እንስሳቱ ያሉት ግን አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ ነው። መታወቂያ ይያዙ፤ ክፍት የሚሆንበትንም ሰዓት አስቀድመው ይጠይቁ።

ከትልልቆቹ ጋር ማወዳደር

ዋሽንግተን የሚኖር ዘመድ አስከትለው ከሄዱ፣ የዚያን ከተማ ትልቅ ሙዚየም ስሚዝሶኒያንን እያነሣ እንደሚያማርር ከወዲሁ ይወቁት። እዚህ ያለው የመስታወት ቁም ሣጥን፣ ቆዳቸው ተሞልቶ የቆሙ እንስሳትና አጫጭር ጽሑፎች ናቸው። ይሁን እንጂ ስሜን ተራሮች ላይ በመነጽር ከሩቅ የሚታየው የዋልያ ቀንድ እዚህ አንጓው ሳይቀር ይቆጠራል። ከኋላ የሚገፋ ሰልፍም የለም። ትንሽ ሙዚየምን በሩጫ አይቶ «ምንም የለውም» ማለት የጎብኚው ጥፋት ነው ባይ ነኝ።

መለያ ወረቀቱን አለማንበብ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ቆዳው ያለ መለያ ወረቀቱ ግማሽ ዋጋውን ያጣል፤ እንስሳው የት፣ መቼ፣ በማን እንደተገኘ የሚነግረው ያች ቁራጭ ወረቀት ናትና።

የሩስፖሊ ቱራኮ የምትባለውን የደቡብ ኢትዮጵያ ወፍ ታሪክ ይመልከቱ። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ወፏን ሰበሰበ፤ ነገር ግን የት እንዳገኛት ሳይጽፍ እ.ኤ.አ. በ1893 ዝሆን ገደለው። ቆዳዋ አውሮፓ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1896 ሳይንሳዊ ስም ተሰጣት። የምትኖርበት ደን እስኪታወቅ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 1940ዎቹ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። ያን ሁሉ ዘመን የበላው አንድ መስመር ጽሑፍ አለመኖሩ ነው።

ተቃራኒው ደግሞ ነጭ ሣር ላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ ሞታ ያገኟት የናይትጃር (በሌሊት የምትበር ወፍ) ዝርያ ከአካሏ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ቦታውና ጊዜው በሚገባ ተመዝግቦ ስለነበር በዚያ ክንፍ ብቻ እ.ኤ.አ. በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተሰየመች። አንድ ክንፍ ከነመረጃው፣ ሙሉ ወፍ ያለ መረጃ ከሚያገለግለው በላይ አገለገለ ማለት ነው።

በድሮ መለያ ላይ ዛሬ የተለወጠ የጠቅላይ ግዛት ወይም የእንስሳ ስም ቢያጋጥምዎት «ተሳስተዋል» ብለው አይቸኩሉ። የተጻፈበት ዘመን ስም ነው።

የቆመውን ቆዳ እንደ ፎቶግራፍ ማመን

ቆዳ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዓይኑ ብርጭቆ ነው፤ ቀለሙም ለብዙ ዓመት ብርሃን ሲመታው ይደበዝዛል። በዚያ ላይ የሞላው ሰው እንስሳውን በሕይወቱ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ለንደን በሚገኘው ሆርኒማን ሙዚየም ውስጥ ያለው ዋልረስ የተባለ የባሕር እንስሳ ለዚህ ዋና ምስክር ነው፤ ባለሙያዎቹ ቆዳው በተፈጥሮው የተሸበሸበ መሆኑን ስላላወቁ ሽብሽቡ እስኪጠፋ ድረስ ጠቀጠቁት። ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ትራስ ተነፍቶ ቆሟል። ስለዚህ ከቆመ ቆዳ የጥርስን፣ የቀንድንና የሰኮናን ቅርጽ ይመኑ፤ ስለ ፊቱ ገጽታና ስለ ቀለሙ ግን ይጠራጠሩ።

ትልልቁን ብቻ አይቶ መውጣት

ልጆች አንበሳ ይፈልጋሉ፤ አይፈረድባቸውም። ሆኖም ቀይ ቀበሮ ፊት ሲቆሙ ረዥምና ቀጭን አፉን ልብ ይበሉ። ጎሽ የሚጥል አፍ አይደለም። የባሌው ቀይ ቀበሮ ዋና ምግቡ አይጥና፣ ከባሌ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ግዙፉ ፍልፈል ነው። አይጦቹንና ፍልፈሎቹን ሳያዩ ቀበሮውን ማወቅ አይቻልም። ጭላዳውንም እንዲሁ ደረቱን ብቻ ሳይሆን ጣቶቹን ይመልከቱ፤ ሣር እየነቀለ የሚኖረው በእነሱ ነው።

መንካት

የድሮ ባለሙያዎች ቆዳን ከብል የሚጠብቁት በአርሴኒክ ነበር፤ መርዝ ነው፣ ከዘመናትም በኋላ ከቆዳው አይጠፋም። ማን በምን እንዳዘጋጀው በዓይን ስለማይለይ ማንኛውንም አሮጌ ቆዳ አይዳስሱ፤ ልጆችም ካመለጥዎት እጃቸውን በሳሙና ያስታጥቧቸው። ፎቶግራፍ ለማንሣት አስቀድመው ያስፈቅዱ። ፍላሹን ያጥፉ፤ መስታወት ላይ አንጸባርቆ የሚያሳየው ራስዎን ነው።

ከተማሪዎች ቡድን ጋር አብሮ መግባት

አዳራሹ ጠባብ ነው። አንድ ክፍል ተማሪ ከነመምህሩ ሲገባ ካዩ ግቢው ውስጥ ትንሽ ይቆዩ፤ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ሠራተኛውም ለጥያቄዎ ጊዜ ይኖረዋል።