እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ ዮጋ በደጋ ብርድ

ደብረ ብርሃን ውስጥ «ዮጋ ሞከርኩ፤ ጭራሽ ዓይኔ ፈጠጠ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ምን እንደሠራ ስትጠይቁት ነገሩ ይገለጥላችኋል። ከዩቲዩብ የጠዋት ዮጋ አውርዶ፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲገለባበጥ ነበር። ለእንቅልፍ የሚሆነው ዮጋ የሰነፍ ዮጋ ነው። ላብ አይፈልግም፤ ሙቀት ግን ይፈልጋል። የእናንተ ችግር የትኛው እንደሆነ ከታች ፈልጉ።

«ከሠራሁ በኋላ ጭራሽ ነቃሁ»

ምክንያቱ የእንቅስቃሴው ዓይነት ነው። «የፀሐይ ሰላምታ» የሚባለው ቆም ጎንበስ የሚባልበት ተከታታይ እንቅስቃሴ፣ ወደ ኋላ መለጠጥ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፤ እነዚህ ሁሉ ልብን ያፈጥናሉ። ለጠዋት አቆዩዋቸው።

ማታ ሦስት ነገር ይበቃል። መጀመሪያ ተንበርክካችሁ ተረከዛችሁ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወደ ፊት ተደፍታችሁ ግንባራችሁን ትራስ ላይ አሳርፉ። ጉልበት የሚያማችሁ በባትና በጭን መካከል ሌላ ትራስ አድርጉ። ቀጥሎ በጀርባ ተኝታችሁ እግራችሁን ግድግዳ ላይ ስቀሉ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። መጨረሻ ላይ በጀርባ ተዘርግታችሁ ዝም ማለት ነው። ሕንዶቹ ሻቫሳና ይሉታል፤ የሬሳ አተኛኘት እንደማለት። ስሙ አያምርም፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ትንፋሽ በአፍንጫ ይሁን። እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፤ እስከ 6 እየቆጠራችሁ አስወጡ። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ረገብ ይላል። ካጨነቃችሁ አሳጥሩት። ትንፋሽ ይዞ መቆየት አያስፈልግም።

«እግሬ በረዶ ሆኖ ያድራል»

የእኛ አገር ዋናው ችግር ይኼ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ትላለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መንዝና አንኮበር አካባቢ ያላችሁማ አይነገራችሁም። ሰው እንዲተኛ የሰውነቱ ውስጣዊ ሙቀት ትንሽ መቀነስ አለበት። ሙቀቱ የሚወጣው በእጅና በእግር በኩል ነው። እግር ሲቀዘቅዝ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፣ ሙቀቱም መውጫ ያጣል፣ እንቅልፍም ይዘገያል። በዚህ ላይ እግርን ባዶውን ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ የባሰ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ እግራችሁን በሞቀ ውኃ ታጠቡ። ድሮ ማታ ማታ የእንግዳ እግር የሚታጠበው በከንቱ አልነበረም። ወዲያው አድርቃችሁ ካልሲ አጥልቁ። ከሥራችሁ ዝተት ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ አንጥፉ፣ ከላይ ጋቢ ደርቡ። ግድግዳው ከበረደ ተዉት፤ ወለሉ ላይ ተኝታችሁ ባታችሁን አልጋው ላይ አሳርፉ። እንዲያውም በክረምት ሁሉንም አልጋ ላይ ብትሠሩት ማንም አይቆጣችሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ቤቱን ለማሞቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትሥሩ፣ አትተኙ። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አለው። ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ይገድላል። ራስ ምታትና ድካም ሲመጣ ሰውዬው «ዮጋው እንቅልፍ አመጣልኝ» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ምድጃው ከመኝታ በፊት ውጭ ይደር።

«ከቆላ ከመጣሁ ወዲህ እንቅልፌ ይቆራረጣል»

ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ጣርማበርን ወጥቶ እዚህ የሚያድር ሰው ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። አየሩ ስስ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ ቢሳሳ አይገርምም። ሰውነት ሲለምደው ይስተካከላል። እስከዚያው ዘገም ያለው ትንፋሽ ብቻ ይበቃችኋል።

«ወዲያው ይወስደኛል፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን ቁጭ»

እውነቱን እንነጋገር፤ አረቄ ነገር አለ? ብርድ ለማባረር የምትቀመሰዋ አረቄ ቶሎ ታስተኛለች፤ ከሰውነት ስትወጣ ደግሞ ትቀሰቅሳለች። ይህንን የትኛውም ዮጋ አይፈታውም። ቡናም እንደዚያው ነው። የማታ ቡና ላይ አቦሉን ቶናውን ብላችሁ በረካ ከደረሳችሁ፣ 5 ሰዓት ያህል ቆይቶም የካፌይኑ (የቡናው አነቃቂ ነገር) ግማሽ ደማችሁ ውስጥ ነው። ቡናውን ወደ ምሳ ሰዓት አምጡት። ለጎረቤት ማስረዳቱ ይከብዳል፤ አውቃለሁ።

ነቅታችሁ ከሆነ ሰዓት አትዩ፣ ሞባይል አትንኩ። በጀርባ ሆናችሁ ከእግር ጣት ጀምራችሁ እስከ ግንባር እያንዳንዱን ክፍል በሐሳብ እየዳሰሳችሁ ልቀቁት። 20 ደቂቃ ያህል ሆኖ እምቢ ካለ ተነሡ። ጋቢ ለብሳችሁ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀመጡ። ተመልሳችሁ የምትተኙት እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ ነው። አልጋ ላይ መንቆራጠጥ ከለመደ ሰውነት አልጋውን የሚያውቀው በጭንቀት ነው።

«ሐሳብ አላስተኛኝ አለ»

የነገውን ጉዳይ ገና በጊዜ ወረቀት ላይ ጻፉት። ማታ አፋችሁን ዘግታችሁ ትንፋሽ ስታስወጡ «ምምም» እያላችሁ አስረዝሙት፤ ብራማሪ ይባላል። አእምሮ ድምፁን ሲከተል ሐሳቡን ይተዋል። ዮጋ ከሃይማኖቴ ጋር ይጋጫል ብሎ የሚፈራ ሰው ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል የዮጋ ቃል) እንዲል የሚያስገድደው የለም። ጸሎታችሁን አድርሳችሁ ሰውነታችሁን ብቻ አፍታቱ።

በጾም ሰሞን ሳትበሉ ውላችሁ ማታ አብዝታችሁ ከበላችሁ፣ ተደፍቶ የሚሠራውን ለ2 ወይም ለ3 ሰዓት አቆዩት።

ለሐኪም የሚሆነው

በሳምንት ቢያንስ 3 ሌሊት ያህል፣ ለ3 ወር እንቅልፍ ካጣችሁ ዮጋ ብቻውን አይበቃም። እያንኮራፋችሁ ትንፋሽ ቆም የሚልባችሁ ከሆነ፣ ማታ እግራችሁ አላስቀምጥ ካለ፣ ወይም ሽንት ደጋግሞ የሚያስነሣችሁ ከሆነም ቶሎ ታዩ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለባችሁ እግር መስቀሉን ዝለሉት። እርጉዞች በጀርባ ሳይሆን በግራ ጎን ተኝተው፣ በጉልበቶቻቸው መካከል ትራስ አድርገው ትንፋሹን ብቻ ይሥሩ።