ጎህ ሳይቀድ ብቻን ወደ ከፍተኛ ተራራ ጫፍ መውጣት

በሌሊት ብቻውን ተራራ የሚወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄድበትን መንገድና የሚመለስበትን ሰዓት ለሚያምነው ሰው ጽፎ መተው፣ በሰዓቱ ካልደወለም ማን መጠራት እንዳለበት መንገር ይገባዋል። የመንገዱን የመጀመሪያ ክፍል በዋዜማው በቀን ብርሃን ማየትም ይጠቅማል፤ ቀን ግልጽ የነበረ መታጠፊያ በባትሪ ብርሃን ሲታይ ከተራ የድንጋይ ክምር አይለይምና።

ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ካለፉ በኋላ የከፍታ ሕመም ሊያጋጥም ይችላል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል አይገባም፤ መንገዳገድ ወይም መደናገር ከታየ ደግሞ ወዲያው መውረድ ግድ ነው። ብቸኛ ተጓዥ ይህን አይቶ የሚነግረው ስለሌለ፣ በየእረፍቱ ቀጥ ባለ መስመር ጥቂት እርምጃ በመራመድ ራሱን ቢፈትሽ መልካም ነው።

የአየሩ ሙቀት በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ብርዱ የባትሪ ድንጋይን ስለሚያዳክም መለዋወጫው ከሰውነት በተጠጋ ኪስ ይያዝ፤ ውሃ ከላይ ጀምሮ ስለሚረጋ ጠርሙሱ ተገልብጦ ቢቀመጥ አፉ በበረዶ አይዘጋም። ሲነሱ ጥቂት ብርድ እስኪሰማ ድረስ ቀለል አድርጎ መልበስ ይሻላል፤ በዳገቱ የወጣ ላብ ጫፍ ላይ ሲቆሙ ያንቀጠቅጣል። የመመለሻው ሰዓት ከቤት ሳይወጡ ይወሰን፤ ጫፉ በቅርብ ቢታይም አይቀየር።