ጡትሽ ላይ እብጠት ካገኘሽ «አያመኝም» ብለሽ አትቀመጪ

እህቴ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ፣ የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። እኛ ደግሞ ካላመመን ሐኪም ጋ አንሄድም፣ ለዛ ነው አገራችን ውስጥ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው ካንሰር እሱ ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ደረጃ 3 ወይ 4፣ ማለትም ከተስፋፋ በኋላ። በጊዜ ሲገኝ የሚድን በሽታ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ። «የትልልቅ ሴቶች በሽታ ነው» የሚሉሽንም አትስሚ፣ እኛ ጋ በ30ዎቹና በ40ዎቹ እድሜ የሚያዙት ብዙ ናቸው።

ጡቴን ራሴ እንዴት ልየው ካልሽ፣ በወር አንዴ፣ ፔሬድሽ ካለቀ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ። ያኔ ጡት ለስላሳ ነው፣ ከፔሬድ በፊት ግን ስለሚወጥርና ስለሚጓጉል በከንቱ ትደነግጫለሽ። ፔሬድ ያቆምሽ ከሆነ አንድ የማትረሺው ቀን ምረጪ፣ ወር በገባ በ21 ማርያምን የምታከብሪ ከሆነ በዛው ቀን፣ ወይ ደሞዝ የምትቀበይበት ቀን።

መጀመሪያ መስታወት ፊት ቁሚ፣ እጅሽን ወደታች አድርገሽ፣ ከዛ ወደላይ አንስተሽ፣ ከዛ ወገብሽን ጫን አድርገሽ ይዘሽ እዪ። ቆዳው ሰርጎድ ብሏል ወይ? እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኗል ወይ? ጫፉ ድሮ ሳይሆን አሁን ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቆስሏል፣ ደም ያወጣል? አንዱ ጡት ከሌላው ትንሽ ቢበልጥ የተለመደ ነው፣ የሚያሳስበው አዲስ የመጣ ለውጥ ነው።

ከዛ ተኚና ቀኝ እጅሽን ከራስሽ ስር አድርገሽ በግራ እጅሽ ሦስት ጣቶች ቀኝ ጡትሽን ዳብሺ፣ በጥፍርሽ በኩል ሳይሆን በጣትሽ ለስላሳው ክፍል፣ ትንንሽ ክብ እየሰራሽ፣ መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ መካከለኛ፣ መጨረሻ የጎድን አጥንትሽ እስኪሰማሽ ጠበቅ አድርገሽ። ከአንገትሽ ስር ካለው አጥንት እስከ ጡትሽ ስር፣ ከደረትሽ መሃል እስከ ብብትሽ፣ ብብቱን በፍጹም እንዳትዘዪው። ሌላኛውንም እንደዛው።

እብጠት ካገኘሽ አብዛኛው ካንሰር አይደለም፣ ግን በእጅ ዳብሶ ብቻ ማንም ሊያረጋግጥልሽ አይችልም፣ ሐኪምም ቢሆን። አልትራሳውንድ ወይ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ከዛም የናሙና ምርመራ፣ ማለትም ከእብጠቱ በመርፌ ትንሽ ተወስዶ የሚታይበት፣ ያስፈልጋል። «ወጣት ነሽ ምንም አይደለም» ብሎ ሳይመረምር ከመለሰሽ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ። የምታጠቢ ከሆነ ደግሞ ጡትሽ ቀልቶ አብጦ ምች ነው ወይ ወተት ቋጥሮ ነው ተብሎ መድኃኒት ወስደሽ በአንድ ሁለት ሳምንት ካልተሻለሽ ተመለሺ። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚባለው ልክ አይደለም፣ ይሄ ወሬ ስንቷን አስቀርቷታል። ፀበሉን ጠጪ፣ ጸልዪ፣ ቀጠሮሽን ግን አትቅሪ።

ሕክምና ከጀመርሽ፣ ኬሞ (ካንሰሩን የሚገድል ግን የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት) ላይ እያለሽ ሙቀትሽ 38 ዲግሪ እና ከዛ በላይ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ሂጂ፣ ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑርሽ። ክትፎም ጥሬ ሥጋም ለጊዜው ይቅርብሽ። በቀዶ ሕክምና የብብት ዕጢ (ሊምፍ ኖድ) ከወጣልሽ በዛ በኩል ያለው እጅሽ ሊያብጥ ስለሚችል ምጣድ ላይ እንዳይቃጠል፣ ቢላ እንዳይቆርጠው ተጠንቀቂ፣ የሰጡሽን እንቅስቃሴ ሥሪ፣ ካበጠ ወይ ከከበደሽ ቶሎ ተናገሪ። ከክልል የምትመጪ ከሆነ ማረፊያ ሳላገኝ ብለሽ እንዳትቀሪ፣ አዲስ አበባ የካንሰር ታማሚዎችን የሚረዳውን ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቂ። ታሞክሲፊን (ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚዋጥ የሆርሞን መድኃኒት) ከታዘዘልሽ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 5 ዓመት ነው የሚወሰደው፣ ደህና ነኝ ብለሽ መሃል ላይ አታቋርጪ፣ ማርገዝ ካሰብሽም ቀድመሽ ከሐኪምሽ ጋ ተነጋገሪ ምክንያቱም እሱን እየወሰዱ ማርገዝ ለጽንሱ አደገኛ ነው።