የፔሌት ግሪል እሳት አልይዝ ሲል

ግሪሉ ሳይቀጣጠል ከቀረ ማብሪያውን ደጋግማችሁ አትጫኑ። ጠመዝማዛው መጋቢ በየሙከራው ፔሌት (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ትንንሽ ማገዶ) እየጨመረ የሚነድበትን የእሳት ሳህን ይሞላዋል፤ ክምሩ ሲታፈን ቆይቶ ድንገት ሲነሳ ክዳኑን ሊያስፈነጥር ይችላል። ነበልባል ሳይኖር ወፍራም ጭስ ከተትጎለጎለ ክዳኑን አትክፈቱ፤ አጥፍታችሁ ከሶኬት ንቀሉ። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ፍርግርጉንና የስብ መቀበያውን አንስታችሁ ሳህኑን ባዶ አድርጉ። አመዱ ፍም ሊደብቅ ስለሚችል ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ደጅ ይቀመጥ።

ፔሌቱን በእጅ ስበሩት፦ ደረቁ ቀጭ ይላል፣ እርጥበት የነካው ይፈረፈራል። የፈረፈረውን ጣሉት፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው። ፔሌቱ ደህና ሆኖ የማቀጣጠያ ዘንጉ ግን የማይግል ከሆነ ይቀየር።

እንደገና ስታስነሱ፣ የግሪሉ መመሪያ ዝጉ ካላለ በቀር፣ ክዳኑን ከፍታችሁ ፊታችሁን አርቁ። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነጭ ጭስ ያለ ነው። በ10 ደቂቃ ካልተያያዘ አጥፉት። ቤንዚን ወይም ላምባ? በፍጹም።