አሜሪካ ሚሊተሪ ውስጥ ሰው ላላችሁ፦ ሳይሄድ ማለቅ ያለበት ወረቀት እና ከሄደ በኋላ የሚደወልባቸው ቦታዎች

ባል፣ ሚስት ወይ ልጅ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ ይሄ ለናንተ ነው። እርዳታው ሞልቷል፣ እሱ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ግማሹ በር ወታደሩ ራሱ ካልፈረመ አይከፈትም፣ እሱ ደግሞ አንዴ ዲፕሎይ ካደረገ (ለግዳጅ ከተላከ) ፊርማ ማግኘት ጭንቅ ነው፣ ስልክ ላያገኝ ይችላል፣ ሰዓቱ አይገጥምም፣ ሲደውልም ስለ ወረቀት ማውራት ማንም አይፈልግም። ስለዚህ እዚህ ከምጽፈው ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሳይሄድ ጨርሱ፣ ሌላው ይደርሳል።

በዲርስ ጀምሩ። ዲርስ ማለት የሚሊተሪ ቤተሰብ የሚመዘገብበት ሲስተም ነው፣ እዛ ውስጥ ስማችሁ ከሌለ ለሚሊተሪው የላችሁም በቃ፣ የጤና ኢንሹራንስ (ትራይኬር) የለም፣ መታወቂያ የለም፣ ቤዝ (የጦር ሰፈሩ) መግባትም ጣጣ ነው። ወታደሩ ስፖንሰር ይባላል፣ የሚያስገባችሁ እሱ ነው፣ ዲዲ 1172-2 በሚባል ፎርም። እሱ መምጣት ካልቻለ ፎርሙን አስቀድሞ ፈርሞ ይስጣችሁ ወይ ውክልና ይተውላችሁ። የመታወቂያ ቢሮው የየትኛውም ቅርንጫፍ ቢሆን ይሰራል፣ ባሏ ኔቪ የሆነች ሴት ቅርቧ ያለው የአርሚ ቤዝ ከሆነ እዛው ቀጠሮ ትያዝ። የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የልጆች የልደት ሰርተፍኬት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ፎቶ ያለው መታወቂያ ያዙ፣ የስልክ ፎቶ ይዞ መሄድ ግን ዋጋ የለውም፣ ኦሪጅናሉን ወይ የተረጋገጠ ኮፒ ነው የሚፈልጉት።

እኛ ሰዎች የምንያዘው እዚህ ጋ ነው። ኢትዮጵያ ተጋብታችሁ ወይ ልጅ እዛ ተወልዶ ከሆነ ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን እዩ፣ አንዱ ላይ ኤስ አንድ ጊዜ ሌላው ላይ ሁለት ጊዜ ከሆነ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው የሚላችሁ። ቀኑንም እዩት። በኛ አቆጣጠር ብቻ ጥር 2012 የሚል ከሆነ ትርጉሙ ላይ እንደ ቀኑ ጃንዋሪ ወይ ፌብሩዋሪ 2020 ተብሎ መውጣት አለበት፣ አለበለዚያ ጋብቻችሁ ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ይመዘገባል። ሚስትም የባሏን ስም ስለማትይዝ፣ ልጁም የአባቱን ስም ስለሚይዝ፣ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ላስት ኔም መኖሩ ጥያቄ ያስነሳል፣ ተረጋግታችሁ አስረዱ፣ ሰነዱ ካለ ችግር አይሆንም። ለትርጉም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ደግሞ ከታች የምነግራችሁ ቦታ (ሚሊተሪ ዋንሶርስ) ደውሉ፣ ኦፊሻል ሰነድ በነፃ ያስተረጉማሉ።

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ልጅ ከተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ዲርስ ውስጥ አስገብታችሁ ትራይኬር ፕላን ምረጡለት። 90 ቀን ረጅም ይመስላል፣ አራስ ቤት ውስጥ ግን ሳይታወቅ ነው የሚያልቀው።

እናትና አባትስ? ይሄን ብዙ ሰው ይጠይቃል። ወላጅ ልጁ ወታደር ስለሆነ ብቻ ዲፔንደንት (ጥገኛ ቤተሰብ) አይሆንም። ልጁ ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን እንደሚሸፍን በወረቀት አሳይቶ ማስፈቀድ አለበት፣ ስለዚህ የሚልክላቸውን ገንዘብ ደረሰኝ ባለው መንገድ ይላክ፣ በሰው እጅ የሄደ ብር አይቆጠርም። ተፈቅዶም መታወቂያ ያገኛሉ፣ ሚሊተሪ ሆስፒታል ቦታ ካለ ሊታከሙ ይችላሉ፣ ኮሚሰሪ (የቤዙ ግሮሰሪ) ገብተው መግዛት ይችላሉ፣ ትራይኬር ኢንሹራንስ ግን አያገኙም። ትራይኬር ይሰጠናል ብላችሁ የወላጆቻችሁን ሌላ ኢንሹራንስ እንዳታቋርጡ።

ቀጥሎ ፓወር ኦፍ አተርኒ፣ ማለትም ውክልና። ቤዝ ላይ ያለው የሊጋል አሲስታንስ (የሕግ ምክር) ቢሮ በነፃ ይሠራላችኋል። ሁለት ዓይነት አለ፣ ሁሉን የሚያስችለው ጀነራሉ እና ለአንድ ጉዳይ ብቻ የሚሆነው ስፔሻሉ። እኔ ስፔሻሉን ነው የምመክረው፣ አንዱ ለመኪናው፣ አንዱ ለቤት ኪራዩ፣ አንዱ ለታክስ እያላችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ባንክ ጀነራሉን አይቶ አንቀበልም ይላል፣ ለሰጪውም ደግሞ ጀነራሉ አደገኛ ነው፣ ፍቅር ሲሻክር በዛ ወረቀት ቤት የሚሸጥ ሰው አለ። የሚያበቃበትን ቀን ከመመለሻው ትንሽ አሳልፉት፣ ዲፕሎይመንት ይራዘማል።

የሕይወት ኢንሹራንሱን (ኤስ ጂ ኤል አይ የሚሉት) እያሳቀቃችሁም ቢሆን አንስታችሁ አውሩ። ከማርች 2023 ጀምሮ ጣሪያው 500,000 ዶላር ነው። ልጁ 19 ዓመቱ ገብቶ የእናቱን ስም ከጻፈ፣ ከዛ ሲያገባ በራሱ አይቀየርም፣ እሱ ገብቶ ካልቀየረ የእናትየው ስም እንዳለ ነው። በኛ ቤት ይሄን ማንሳት ሟርት ይመስላል፣ አውቃለሁ፣ ግን ካላነሳችሁት በኋላ ሚስትና እናት ነው የሚጣሉበት። ኦንላይን ነው የሚስተካከለው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን የሚደወልባቸው ቦታዎች። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ሚሊተሪ ዋንሶርስን (የሚሊተሪ ቤተሰብ የእርዳታ መስመር) ያዙ፣ 800-342-9647፣ 24 ሰዓት፣ ነፃ። አክቲቭ ዲዩቲም፣ ናሽናል ጋርድም፣ ሪዘርቭም ቤተሰቡ መደወል ይችላል፣ ወታደሩ ከወጣ በኋላ እንኳን እስከ 365 ቀን ድረስ። እንግሊዝኛ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ስትደውሉ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር" በሉ፣ በስልክ አስተርጓሚ ያመጣሉ። ካውንስሊንግ አለ፣ ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ፣ በአካል ወይ በስልክ ወይ በቪዲዮ፣ የታክስ ሥራ አለ፣ ስለ ቤት መቀየር፣ ስለ ልዩ ፍላጎት ያለው ልጅ፣ ስለ ዕዳ የሚያማክር ሰው አለ። ሰው የሚፈራው "አለቃው ይሰማል፣ ሥራው ይበላሻል" ብሎ ነው። አለቃው አይነገረውም። የሚነገረው ራስን ወይ ሰውን የመጉዳት ነገር፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ወይ ልጅ ላይ የሚደርስ በደል ሲኖር ነው፣ ይሄን አውቃችሁ ግቡ። ምንም ወደ ማንም እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ የቤዙ ቻፕሊን (የሃይማኖት አገልጋይ) አለ፣ ክርስቲያን ሁኑ ሙስሊም ሁኑ ወይ ምንም አትሁኑ ያናግራችኋል፣ የነገራችሁትንም ለማንም አያወራም።

ቤዝ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ በአካል የሚኬድበት ቢሮ አለ፣ ስሙ ግን እንደየቅርንጫፉ ይለያያል፣ አርሚ ላይ ኤሲኤስ (አርሚ ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ) ነው፣ ኔቪ ላይ ፍሊት ኤንድ ፋሚሊ ሰፖርት ሴንተር። አዲስ ቦታ ስትመደቡ ዕቃችሁ እስኪደርስ ድስትና ሰሃን ሁሉ ያውሳሉ፣ ይሄን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ቤተሰብ ላይ ድንገተኛ ነገር ሲደርስ፣ ሞት፣ ጠና ያለ ሕመም፣ ወታደሩ ጋ የሚደረሰው በአሜሪካ ቀይ መስቀል በኩል ነው፣ 1-877-272-7337። በፌስቡክ መልዕክት ሰምቶ ለአለቃው ቢነግረው አለቃው የተረጋገጠ ነገር አምጣ ይለዋል፣ ቀይ መስቀል ግን ሆስፒታሉ ጋ ደውሎ አረጋግጦ ነው የሚልከው። ስትደውሉ የወታደሩ ሙሉ ሕጋዊ ስም፣ ማዕረግ፣ ቅርንጫፍ፣ የልደት ቀን ወይ ሶሻል፣ የዩኒቱ (የጦር ክፍሉ) አድራሻ፣ እንዲሁም የታመመው ሰው ስምና የሚያክመው ሆስፒታል ስልክ ይጠየቃል። እነዚህን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ (ሶሻሉን ግን ለብቻው ደብቁት)። በተለይ "ዩኒቱ ማን ነው?" ሲባል "እኔንጃ፣ ቴክሳስ ነው ያለው" የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። ዘመድ ሁሉ አይቆጠርም፣ ወላጅ፣ እህት ወንድም፣ ትዳር፣ ልጅ ነው፣ ግን እንደ እናት ሆና ያሳደገችው አክስት ከሆነች ያንን ግልጽ አድርጋችሁ ተናገሩ፣ ይቆጠራል። ፈቃድ የሚሰጠው ቀይ መስቀል ሳይሆን አለቃው ነው፣ ቀኑም ከዓመት ፈቃዱ ላይ ነው የሚቀነሰው። እግረ መንገዴን፣ ለወታደር ፈቃድ ማንም ብር አይከፍልም። ኢንተርኔት ላይ የተዋወቃችሁት "መኮንን" የፈቃድ ክፍያ ላኪልኝ ካለሽ ሌባ ነው፣ ብሎክ አድርጊው።

የአየር ትኬት ብር ከሌለ፣ ወይ ኪራይ ጎደለ፣ መኪና ተበላሸ፣ በየቅርንጫፉ የእርዳታ ማኅበር አለ፦ አርሚ ኢመርጀንሲ ሪሊፍ፣ ለኔቪና ለማሪን ኔቪ-ማሪን ኮር ሪሊፍ ሶሳይቲ፣ ለኤር ፎርስ ኤር ፎርስ ኤይድ ሶሳይቲ፣ ለኮስት ጋርድ ኮስት ጋርድ ሚውቹዋል አሲስታንስ። ያለ ወለድ ያበድራሉ፣ አንዳንዴም ሳይመለስ ይሰጣሉ። ቤዝ በር ላይ ያሉት ፈጣን ብድር ሰጪዎች ጋ ከመግባታችሁ በፊት እዚህ ሂዱ፣ እለምናችኋለሁ።

ኤስሲአርኤ የሚባል የፌደራል ሕግም አለ። ወታደሩ ሳይገባ በፊት የነበረ ዕዳ፣ ክሬዲት ካርድ ይሁን የመኪና ብድር፣ አገልግሎት ላይ እስካለ ወለዱ ከ6 ፐርሰንት እንዳይበልጥ መጠየቅ ይችላል። መጠየቅ ነው ቁልፉ፣ ባንኩ ራሱ አስታውሶ አይቀንስላችሁም፣ በጽሑፍ ከትዕዛዝ ወረቀቱ ኮፒ ጋር ላኩ። የቤት ኪራይ ውልም ወደ ሌላ ቦታ ሲመደብ ወይ ለ90 ቀንና ከዛ በላይ ዲፕሎይ ሲያደርግ ያለ ቅጣት ይቋረጣል። አቆጣጠሩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው፦ እንለቃለን የሚለውን ማስታወቂያ ማርች 10 ከሰጣችሁ፣ የሚቀጥለው ኪራይ ኤፕሪል 1 ነው፣ ከዛ 30 ቀን ተቆጥሮ ሜይ 1 ላይ ነው ውሉ የሚያልቀው። አከራዩ አሻፈረኝ ካለ አትከራከሩት፣ ወደ ሊጋል አሲስታንሱ ሂዱ፣ አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

ለትዳር አጋር ማይካ የሚባል የትምህርት እርዳታ አለ፣ በጠቅላላ እስከ 4,000 ዶላር፣ ለሰርተፍኬት፣ ለላይሰንስ ወይ ለአሶሺየት ዲግሪ። የባችለር አይከፍልም፣ የወታደሩ ማዕረግም ከፍ ካለ አይሰጥም፣ ስለዚህ ገና ዝቅ ባለ ማዕረግ ላይ እያለ ተጠቀሙበት፣ ፕሮሞሽን ሲመጣ ደስ ይላል እሱ ግን ሊዘጋ ይችላል። የልጆች መዋያ ቤዝ ላይ ክፍያው በቤተሰብ ገቢ ነው የሚወሰነው፣ ወረፋው ግን ረጅም ነው፣ ገና እርጉዝ ሆናችሁ ተመዝገቡ።

ቤት ውስጥ ዱላ ካለ። ግሪን ካርዴ በሱ እጅ ነው ብላችሁ የምትታገሱ እህቶች፣ ፋሚሊ አድቮኬሲ ፕሮግራም (ቤዝ ላይ የቤት ውስጥ ጥቃትን የሚያየው ቢሮ) ሄዳችሁ ቪክቲም አድቮኬት (የተጠቂ ረዳት) ጠይቁ፣ "ሪስትሪክትድ ሪፖርት" ካላችሁ አለቃውም ፖሊስም ሳይነገር ሕክምናና ምክር ታገኛላችሁ። ቢሮው በር ላይ ሳላችሁ ይሄን ቃል አስቀድሙ፣ ታሪኩን ከመናገራችሁ በፊት። እጁ ላይ ያለው ወረቀትም መጨረሻ አይደለም፣ የተጠቃች ሚስት እሱ ሳያውቅ ራሷ የምታመለክትበት ሕግ (ቫዋ) አለ። ከቤዝ ውጭ ከሆናችሁ ወደ ብሔራዊ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ደውሉ፣ 1-800-799-7233። ወታደሩ ራሱ፣ ወይ እናንተ፣ ሕይወት የጨለመበት ሰው ካለ 988 ደውሎ 1 መጫን ነው፣ ነገ አይባልም።

ከሚሊተሪ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ጂአይ ቢል (የወታደሩ የትምህርት ጥቅማጥቅም)። ትምህርቱን ለሚስት ወይ ለልጅ ማስተላለፍ የሚችለው ገና በሥራ ላይ እያለ ነው፣ 6 ዓመት አገልግሎ ሌላ 4 ዓመት ለመጨመር ፈርሞ፣ እስከ 36 ወር የሚደርስ ትምህርት ነው። ከሁለት ልጅ ለማን እንደሚሰጥ ካልወሰናችሁ ለሁለቱም አንድ አንድ ወር ይስጥና በኋላ ያስተካክል፣ ምንም ሳይሰጥ ከወጣ ግን ተመልሶ መጨመር የለም።