የፓሲፊክ ደሴት ሕዝቦችን የእናት ዘር በዲኤንኤ እንዴት መከተል ይቻላል፦ ከታይዋን እስከ ማዳጋስካር

ኦስትሮኔዥያን የሚባሉት ቋንቋዎች ከማዳጋስካር ተነስተው በኢንዶኔዥያና በፊሊፒንስ አድርገው እስከ ሃዋይና ራፓ ኑዪ (ኢስተር ደሴት) ድረስ ይነገራሉ፣ በሰሜን ታይዋን በደቡብ ደግሞ ኒውዚላንድ አለ። ይሄን ሁሉ ባሕር በታንኳ ያቋረጡ ሰዎች ናቸው፣ እናቶቻቸው ደግሞ በልጆቻቸው ሴል ውስጥ ምልክት ትተው አልፈዋል። ምልክቱን ማንበብ ያን ያህል ከባድ አይደለም፣ ሰው የሚሳሳተው የአንዱን ኩባንያ ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ አይቶ እዚያው ሲያቆም ነው፣ ስለዚህ ከገጹ ወደ ውስጥ እንግባ።

መጀመሪያ መሠረቱ። ሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ (ከዚህ በኋላ ኤምቲ እያልኩ ልቀጥል) የሚወረሰው ከእናት ነው። ወንዱም ሴቷም ከእናታቸው ይወስዳሉ፣ ለልጅ የምታስተላልፈው ግን ሴቷ ብቻ ናት። ስለዚህ የምትከተሉት የእናት እናት፣ የእሷ እናት፣ የእሷም እናት እያለ ወደ ኋላ የሚሄድ አንድ ቀጭን መስመር ነው። አስር ትውልድ ወደ ኋላ ስትሄዱ በቆጠራ 1,024 ወላጆች ይኖሯችኋል፣ ኤምቲ የሚናገረው ስለ አንዷ ብቻ። ይሄን ከጅምሩ ካልያዛችሁ "እኔ እንትን ነኝ" ወደሚል ትልቅ መደምደሚያ መሮጥ ይመጣል። በነገራችን ላይ እኛ አገር ስም በአባት ስለሚቆጠር አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ እስከ ሰባት ቤት የሚጠራ ሰው እንኳን የእናቱን እናት እናት ስም ሲጠየቅ ይቸገራል፣ ለዚህ ነው ይሄ ዓይነት ጥናት እኔን በጣም የሚስበኝ።

ምራቅ ወደ ላብራቶሪ ከመላካችሁ በፊት ወረቀት ያዙ። የእናት እናት የት ደሴት ተወለደች፣ የት መንደር፣ የማን ወገን ናት የሚለውን በሕይወት ካሉ ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ፣ አሮጊቶቹን በተለይ። የኒውዚላንድ ቀደምት ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ዋካፓፓ የሚሉት የዘር ሐረግ ቆጠራ አላቸው፣ ፓላውና ቹክ በሚባሉት የማይክሮኔዥያ ደሴቶች ላይ ደግሞ ጎሳ የሚወረሰው በእናት በኩል ስለሆነ የጎሳው መስመርና የኤምቲው መስመር አብረው ይሄዳሉ ተብሎ ይጠበቃል። ግን አንድ ጥያቄ እንዳትረሱ፦ ማደጎ አለ ወይ? በፓሲፊክ ልጅን ለዘመድ ሰጥቶ ማሳደግ የተለመደና የተከበረ ነገር ነው፣ ሃዋይ ላይ ሃናይ ማኦሪዎች ጋ ዋንጋይ ይባላል፣ እና በጎሳ እናት የተባለችው ሴት የወለደች ላትሆን ትችላለች። ዲኤንኤው ከቤተሰቡ ታሪክ ጋር ካልገጠመ ላብራቶሪው ተሳስቷል ከማለታችሁ በፊት ይሄን ጠይቁ፣ ስትጠይቁም በአክብሮት ይሁን፣ አሳዳጊ እናት እናት ናት።

ከዚያ ቴስቱ። ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው በቺፕ የተመረጡ ነጥቦችን ብቻ የሚያየው ነው፣ ርካሽ ነው፣ ትልቁን ቅርንጫፍ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ቁጥራቸው በ16000ዎቹ አካባቢ በሆኑ ቦታዎች ያለውን ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ክፍል ብቻ የሚያነበው፣ የድሮ ጥናቶች ብዙዎቹ በዚህ የተሠሩ ናቸው። ሦስተኛው ሙሉ ሲኩዌንስ ነው፣ 16,569ኙን ፊደል በሙሉ (ፊደሎቹ ኤ፣ ሲ፣ ጂ እና ቲ ናቸው፣ ከታች የማነሳቸው ቁጥሮች የፊደሎቹ ቦታ ናቸው)። ለደሴቶቹ ጉዳይ የምመክረው ሦስተኛውን ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ሕዝቦቹን የሚለያዩት ምልክቶች ግማሾቹ ከዚያ ተለዋዋጭ ክፍል ውጭ ናቸው። ውጤቱ ሲመጣ ጥሬ ፋይሉን ዳውንሎድ አድርጉ፣ በምን ሪፈረንስ (ለማወዳደሪያ በተያዘ ሲኩዌንስ) እንደተነጻጸረም እዩ። አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው በ1981 የወጣውን በ1999 የታረመውን የካምብሪጅ ሪፈረንስ ነው፣ ሌላ ሪፈረንስ ከሆነ ዝርዝሩ ጭራሽ ሌላ ነገር ስለሚመስል ከሰው ውጤት ጋር አታወዳድሩት።

አሁን ወደ ንባቡ። አንዲት ከቶንጋ የሆነች ሴት ሙሉ ውጤቷን ይዛለች እንበል። ፋይሉ ላይ መጀመሪያ የምንፈልገው 8281 እስከ 8289 ያሉት ዘጠኝ ፊደሎች መጥፋታቸውን ነው። እነሱ ከጠፉ ሃፕሎግሩፕ (የእናት ዘር ዛፍ ቅርንጫፍ) ቢ ሊሆን ይችላል፣ ስሙ ላይ ፊደልና ቁጥር በተጨመረ ቁጥር ወደ ትንሹ ቅርንጫፍ እየገባን ነው። ቀጥሎ 16217 ላይ ቲ የነበረው ሲ ከሆነ ወደ ቢ4 ያደላል፣ 16261 ላይ ሲ የነበረው ቲ ከሆነ ደግሞ ቢ4ኤ። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ክፍል እንገባለን፦ 10238 ላይ ሲ፣ ቢ4ኤ1። 6719 ላይ ሲ፣ 12239 ላይ ቲ፣ 15746 ላይ ጂ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ቢ4ኤ1ኤ። 14022 ላይ ኤ የነበረው ጂ ሲሆን ቢ4ኤ1ኤ1 ደረስን ማለት ነው። በመጨረሻ 16247 ላይ ኤ ወደ ጂ ተቀይሮ ካገኘን ተመራማሪዎች የፖሊኔዥያ ሞቲፍ የሚሉት ያ ነው፣ ማለትም 16189፣ 16217፣ 16247 እና 16261 አንድ ላይ ተቀይረው ሲገኙ። በፖሊኔዥያ (ቶንጋ፣ ሃዋይ፣ ራፓ ኑዪና ኒውዚላንድ ያሉበት የደሴቶች ክልል) ከአስር ሰው ዘጠኙ እና ከዚያም በላይ ይሄን መስመር ይዟል።

16189ን ትንሽ ቀረብ ብላችሁ እዩት። በሪፈረንሱ ላይ ከ16184 እስከ 16193 ያለው ሰፈር ሲ ሲ ሲ እያለ ይሄድና መሀል ላይ 16189 ጋ አንድ ቲ ገብታ ትቆርጠዋለች። ያቺ ቲ ወደ ሲ ስትቀየር አስር ሲ ያለማቋረጥ ይደረደራል፣ ያኔ የሰውነት ሴልም ሆነ የላብራቶሪ ማሽን ስንት እንደሆኑ መቁጠር ያቅተዋል፣ አንዱ ሪፖርት አስር ሌላው አስራ አንድ ሲል ታያላችሁ፣ 16182 እና 16183 ላይም ለውጥ አለ ይላል። በዚህ አትደናገጡ፣ ለቅርንጫፍ መወሰኛም አትጠቀሙበት። ፊሎትሪ የሚባለው የኤምቲ ዛፍ ራሱ 16182፣ 16183፣ 16193 ላይ የሚጨመሩትን ሲዎችና 16519ን ከቆጠራ ውጭ አድርጓቸዋል። እናትና ልጅ እንኳን በዚህ ሰፈር ሊለያዩ ይችላሉ፣ ስለዚህ በአንድ ሲ ልዩነት "ዘመዴ አይደለም" ማለት ከባድ ስህተት ነው።

ፋይሉን ሃፕሎግሬፕ በሚባለው ፕሮግራም ላይ ብትጭኑት በደቂቃ ውስጥ ቅርንጫፉን ያወጣላችኋል፣ ነጻ ነው። ግን ስሙን ብቻ አትውሰዱ፣ የትኛው ምልክት ተገኘ የትኛው ጎደለ የሚለውንም ያሳያል፣ ዋናው እሱ ነው።

ወጥመዶቹ ጋ እንምጣ፣ እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። የዘጠኙ ፊደል መጥፋት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ቢ2 የሚባለው ቅርንጫፍ ይሄው ጉድለት አለው፣ 16189 እና 16217ም አሉት፣ የሚለየው 16261ን እና ሌሎቹን የቢ4ኤ ምልክቶች ስለሌለው ነው። ራፓ ኑዪ ላይ ስለ ደቡብ አሜሪካ ግንኙነት ስትከራከሩ ይሄን ካላያችሁ ክርክሩ ከንቱ ነው። ከዚያ የበለጠ የሚገርመው አፍሪካ ውስጥ ኤል0ኤ2 የሚባለው መስመር ላይ ያው ዘጠኝ ፊደል ለብቻው ጠፍቷል፣ ከእስያው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ማዳጋስካር ላይ ደግሞ ሁለቱም መስመሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ያው ጉድለት ኖሯቸው የአንዷ እናት ከአፍሪካ ምድር የሌላዋ ከቦርኒዮ በኩል የመጣች ልትሆን ትችላለች።

ሌላው ወጥመድ 16247 ነው። ይሄ ቦታ አይረጋም፣ ወደ ጂ ይቀየርና ከጊዜ በኋላ ተመልሶ ኤ ይሆናል፣ በ2013 የወጣ ጥናት በደንብ አሳይቶታል። ስለዚህ 14022 ላይ ጂ ካለና 16247 ላይ ከሌለ ሰውየውን ከፖሊኔዥያ መስመር እንዳታወጡት፣ ድሮ ነበረውና ተመልሶበት ሊሆን ይችላል። ስሞቹም በዚሁ ምክንያት ተቀያይረዋል፣ የድሮ ጽሑፍ ላይ ቢ4ኤ1ኤ1ኤ የሚለው አሁን በአብዛኛው በቢ4ኤ1ኤ1 ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ስም ሳይሆን ቁጥር ያዙ የምለው፣ ስም ይቀየራል 14022 ግን 14022 ነው።

የማዳጋስካር ሰዎች ውጤት ከሆነ 1473 እና 3423 ላይ ሂዱ። 1473 ላይ ቲ፣ 3423 ላይ ኤ ካለ የማላጋሲ ሞቲፍ የሚባለው ነው፣ አሁን ቢ4ኤ1ኤ1ቢ ይባላል። የፖሊኔዥያው መስመር ማዳጋስካር ላይ መኖሩ የታወቀው በ1995 ነው፣ ያኔ ሰው ፖሊኔዥያውያን እዚያ ድረስ ሄደው ነበር ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር፣ ቋንቋው ግን የሚያመለክተው ወደ ደቡብ ቦርኒዮ ባሪቶ ወንዝ ነው። በ2012 የወጣ የኤምቲ ስሌት ደግሞ ደሴቲቱን የመሠረቱት ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት የመጡ 30 አካባቢ ሴቶች ናቸው ብሏል፣ አብዛኞቹ ከኢንዶኔዥያ በኩል። ሠላሳ ሴት! አንድ ትልቅ ድግስ ላይ ወጥ የሚሠሩ ሴቶች ያህል ማለት ነው፣ እኔ ይሄን ቁጥር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

ከየት መጣ የሚለው ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ቢ4ኤ1ኤ ታይዋን ውስጥ ባሉ ቀደምት ሕዝቦች፣ ለምሳሌ አሚስ፣ ላይ ይገኛል፣ ግን 14022 እና 16247 የሌለበት ነው። ሙሉ ሞቲፉ የተወለደው ወደ ኒው ጊኒ ቅርብ ባለው በቢስማርክ ደሴቶች አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ በ2011 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ከ6,000 ዓመት በላይ አድርጎታል፣ ላፒታ የሚባሉት ጌጠኛ ሸክላ ሠሪዎች እዚያ የታዩት ግን ከ3,300 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቅርንጫፍ የተወለደበት ዘመንና ሰዎች ታንኳ ላይ የወጡበት ዘመን አንድ አይደለም፣ ሪፖርት ላይ "8,000 ዓመት" ቢል ቅድመ አያታችሁ ያን ጊዜ ቶንጋ ገባች ማለት አይደለም፣ ቶንጋ ሰው ራሱ የገባው ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

የእናት መስመር የአባቱን አይናገርም የሚለውም እዚህ ጋ በግልጽ ይታያል። በ2006 የወጣ ጥናት ፖሊኔዥያውያን ላይ ኤምቲው 94 ከመቶ ከእስያ በኩል ሲሆን በአባት ከሚወረሰው ዋይ ክሮሞዞም ግን 66 ከመቶው ከሜላኔዥያ (ኒው ጊኒና አካባቢዋ) በኩል ነው ብሏል። በ2016 ከቫኑዋቱና ከቶንጋ የጥንት አጽሞች ዲኤንኤ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የፓፑዋ (የኒው ጊኒ ቀደምት ሕዝቦች) ዘር የላቸውም ማለት ይቻላል፣ እሱ በኋላ የገባ ነው፣ በብዛትም በወንዶች በኩል። ሴቶቹ ባሉበት ቀርተው ወንዶቹ ወደ ሚስት ቤት የሚሄዱበት ባህል እንደነበር የሚገምቱ አሉ፣ በ2022 ማይክሮኔዥያ ላይ የተሠራው የጥንት ዲኤንኤ ጥናትም ይሄንኑ ደግፏል። ቫኑዋቱ ዛሬ ሰዎቹ በአብዛኛው የፓፑዋ ዘር ይዘው ኦስትሮኔዥያን ቋንቋ ይናገራሉ፣ ስለዚህ ቋንቋን አይቶ ኤምቲን መገመት አይሆንም፣ ኤምቲን አይቶ ቋንቋን መገመትም እንዲሁ።

ውጤታችሁ ቢ ካልሆነም ከታሪኩ ውጭ ናችሁ ማለት አይደለም። ኢ ከሆነ ደሴታማው ደቡብ ምሥራቅ እስያን እዩ፣ የጉዋም ቻሞሮዎች በብዛት እሱን ነው የያዙት። ኪው ወይም ፒ ከሆነ ወደ ኒው ጊኒና አካባቢው ሂዱ፣ ኪው ፖሊኔዥያም ውስጥ በጥቂቱ አለ።

ለማወዳደር ጂንባንክ በሚባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ የዲኤንኤ መዝገብ ላይ ሙሉ ሲኩዌንሶች በነጻ አሉ፣ የራሳችሁን የግል ለውጦች (ከቅርንጫፉ በላይ የተረፉትን) ይዛችሁ ማን ጋ እንደሚገኙ ፈልጉ፣ የቅርቡን ዝምድና የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው። የራሳችሁን ወይም የቤተሰብ ውጤት እዚያ ከመጫናችሁ በፊት ግን የእናት መስመሩን የሚጋሩትን አስፈቅዱ፣ ምክንያቱም ያንኑ ፊደል አክስቶቻችሁም የእነሱ ልጆችም ይዘውታል፣ ብዙ የደሴት ማኅበረሰቦችም ያለፈቃድ ተወስዶ ጥናት የተሠራበት ደም ትዝታ አላቸው። ሪፖርታችሁን ስታስቀምጡ የሪፈረንሱን ስም፣ የዛፉን ስሪት (የፊሎትሪ የመጨረሻው 17ኛው የ2016 ነው) እና የምልክቶቹን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ፣ ነገ ዛፉ ሲታደስ እንደገና ለማየት የሚያስፈልገው ያ ነው።